የዞረው ገበታ

ረቡዕ፣ ኅዳር 18 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር ልተንፍስ፤ አለዚያ ሰላምታው ውስጥ ተደብቄ መቅረቴ ነው። አንድ ነገር አበላሽቻለሁ። በራሴ ስም ባበላሸው ምን ነበረበት፤ ያበላሸሁት ግን በአንተ ስም ነው። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ አልቀደውም።

እንግዲህ ሰላም ልበልህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ያ ደረቅ ሳል ዘንድሮ ማረህ ወይስ እንደ ልማዱ ይዞሃል? ባለቤትህ እትዬስ ደህና ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣች? በላክኸው ፎቶ ላይ አገጯ ቁርጥ የአባባ ነው ብላ አክስቴ ምላ ተገዝታለች። እኛ ለክፉ አንሰጥም። እማዬ ቅዝቃዜ ጉልበቷን ሲነካት ትነጫነጫለች እንጂ ደህና ናት። አክስቴም ያው እንደምታውቃት ናት፤ እሷ ቤቱን በምላሷ ትጠርጋለች፣ እኔ በመጥረጊያ። ጩጬዋ እህታችን ተመዝዛለች፤ ያንተን አሮጌ ጃኬት ለብሳ እጅጌው አይረዝምባትም ብልህ ታምነኛለህ?

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩ ሲደወል እማዬ አጠገቤ ናት፤ የአክስቴ ጆሮ ደግሞ ከእማዬም ይቀድማል። ታውቀኝም የለ? ሰው ሲያዳምጠኝ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን አያየኝም። ስለዚህ ታገሠኝና ከመጀመሪያው ላውጋህ።

ስትሄድ ያስረከብከኝን ሥራ እስካሁን እየሠራሁ ነው። ጠዋት የቼዝ አዳራሹን እጠርጋለሁ፣ አሥራ ሁለቱን ጠረጴዛ እወለውላለሁ፤ ውድድር ሲኖር በሩ አጠገብ ካለችው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ውጤት አስገባለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ ኮምፒውተር ትነካለች ብሎ ማን ይገምት ነበር? አንተ ግን በሰማያዊው ደብተር ላይ አንድ በአንድ ጽፈህልኝ ሄድክ፤ ውጤቱን አስገቢ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጪ፣ ከዚያ ደልድል የሚለውን ተጫኚ ይላል። የቀረውን ፕሮግራሙ ራሱ ያውቃል። እኩል ነጥብ ያላቸውን ያገናኛል፣ ነጥባቸው የበዛውን በመጀመሪያዎቹ ገበታዎች ያስቀምጣል፣ አንዴ የተገናኙትን ዳግም አያገናኝም፣ ትናንት ጥቁር የያዘውን ዛሬ ነጭ ያስይዛል። ፕሪንተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ይስልና ወረቀቱን ያወጣል፤ እኔ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፤ ሃያ አራት ሰው ተንጋግቶ መጥቶ ስሙንና ከጎኑ የተጻፈውን ነጥብ ይፈልጋል።

ድልድል በእጅ፣ በካርድ በሚወጣበት ጊዜ የነበረውን ጭቅጭቅ ታስታውሳለህ አይደል? ካርድ ደበቅክ፣ ለዘመድህ አዳላህ እየተባባሉ ወንበር እስከ መወራወር ይደርሱ ነበር። ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። "ኮምፒውተር ዘመድ የለውም" ይላሉ። ሌላ ነገር የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። "ማሽኑ ዳኛ አይደለም፤ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው" ብለኸኝ ነበር። ያኔ ሳቅኩ። አሁን ያ ቃል ትዝ ሲለኝ ጀርባዬን ይበርደኛል።

የዘንድሮው ውድድር ሰባት ዙር ነው። ባለፈው ሐሙስ ተጀመረ፤ በየቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ አንድ ዙር ይካሄዳል። ስድስቱ አልቀዋል። ዛሬ ዕረፍት ነው፤ ነገ የመጨረሻው፣ ድልድሉም በዕለቱ ነው የሚወጣው። አንደኛ የወጣ ሰው እንደ ድሮው ልማድ ዓመቱን ሙሉ የአዳራሹ አሠልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል፤ ከኋላ ያለችው ክፍልም ለሱ ትሰጣለች።

አናጢውን አትረሳቸውም። እነዚህን ጠረጴዛዎች የሠሩት፣ አንተንም ቼዝ ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ዓይናቸው ከድቷቸዋል። ሩቁን ያያሉ፤ ቅርቡ ነው የሚጠፋባቸው። ጠጠሮቹን አይስቷቸውም፣ ቅርጻቸውን በመዳሰስ ጭምር ያውቁታል፤ ፊደል ግን እንደ ጉንዳን ይተራመስባቸዋል። በክረምት መጋዝ አውራ ጣታቸውን በላቸው። "ከእንግዲህ እንጨት አያምነኝም" አሉኝ እየሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ይህችን የአሠልጣኝነት ሥራ ካላገኙ የሥራ ቤታቸውን ዘግተው ሩቅ አገር ያገባችው ልጃቸው ዘንድ ሄደው ሊጦሩ ነው። "አማቼ ቤት ጥግ ይዤ ከምቀመጥ እዚሁ ሣጥን ሠርቼ ልግባበት" ይላሉ። ቀልድ ነው፤ ግን ሣጥኑን በእጃቸው ለክተው ሲያሳዩ ቀልድ አይመስልም።

የምለጥፈውን ወረቀት የማነብላቸው እኔ ነኝ። "ነይ እስቲ የኔ ዓይን" ይሉኛል። "ጋሼ፣ ሁለተኛ ገበታ፣ ነጭ" እላቸዋለሁ። በቃ። ገበታውንና ቀለሙን ካወቁ ሌላ አይጠይቁም።

ቅዳሜ ሦስተኛው ዙር ነበር። ሁለተኛው ገበታ ላይ አናጢው ነጭ፣ መነጽር ሠሪው ጥቁር ይዘው ተቀመጡ። መነጽር ሠሪውን ታውቀዋለህ፤ የሊቀመንበራችንን እህት ያገባው፣ ሲያወራህ ፈገግታው ከፊቱ የማይወርደው። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። በአፌ እለዋለሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ጨዋታቸው ከሁሉ ቀድሞ አለቀ። አናጢው አሸነፉ። ባስለመድከን ልማድ ሌሎቹን ጠጠሮች ሰብስበው ሁለቱን ነገሥታት ገበታው መሐል አቆሙና ያለ ወቅቱ የጀመረው ዝናብ ሳይጠነክር ብለው ቸኩለው ወጡ። ሌላው ሰው ሁሉ በየራሱ ገበታ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

ልማዱን ባትረሳውም ልጻፈው፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ነው። ነጭ ሲያሸንፍ ሁለቱ ነገሥታት መሐል ካሉት አራት ካሬዎች በነጮቹ ላይ ይቆማሉ፤ ጥቁር ሲያሸንፍ በጥቁሮቹ፤ አቻ ሲወጡ አንዱ በነጭ አንዱ በጥቁር። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንንም ሳላናግር፣ በየገበታው እያለፍኩ አይቼ እመዘግባለሁ። ይህን ልማድ ለኔ ዓይናፋርነት ብለህ እንዳመጣኸው አውቃለሁ። አመስግኜህ አላውቅም፤ አሁን ላመስግንህ።

ያን ቀን ስዞር ሁለተኛው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ክዳኑ ያልተገጠመ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ክርኔ ነካው። ውሃው ፈስሶ ገበታው ሥር ገባ። የጨነቀኝ ሰው ዞሮ እንዳያየኝ ብቻ ነበር። ነገሥታቱን አነሳሁ፣ ገበታውን ብድግ አድርጌ ሥሩን በጨርቅ ጠረግሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገሥታቱንም በነበሩበት መለስኳቸው፤ አንዱን ወደ መስኮቱ፣ አንዱን ወደ በሩ። በትክክል አስታውሼ ነበር፤ በማስታወሴም ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር። ገበታው ግን በእጄ ላይ ሩብ ዙር ዞሯል። "ነጭ ካሬ ሁልጊዜ በቀኝ እጅ" ያልከኝን በድንጋጤ ረሳሁት። ገበታ ሩብ ሲዞር ነጭ በነበረበት ጥቁር ይመጣል። ነገሥታቱ ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ፍርዱ ተገለበጠ። የሌሎቹ ጨዋታ አልቆ ልመዘግብ ስመለስ ዓይኔ ያየው በጥቁር ላይ የቆሙ ሁለት ነገሥታት ነው። ያየሁትን አስገባሁ። ሁለት ጊዜም አረጋገጥኩ። ከዚያ ደልድል የሚለውን ተጫንኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትላለች እማዬ። የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል?

እሑድ አናጢው ቀድመው መጡና ያችን ገበታ አዩ። "ይቺን ማነው ያጣመማት? ሰክራ ነው ያደረችው?" ብለው እየሳቁ አዙረው አስተካከሏት። አብሬ ሳቅኩ። አልገባኝም ነበር። ከዚያ አነበብኩላቸው፤ "ጋሼ፣ ስድስተኛ ገበታ፣ ጥቁር።" "ስድስተኛ? ማሽኑም አርጅተሃል ማለት ጀመረ?" አሉኝ። እኔ ተሸንፈው የወረዱ ስለመሰለኝ አሳዘኑኝ። ነርሷም፣ ያቺ ሁልጊዜ ከላይኞቹ ገበታዎች የማትጠፋው፣ ስታልፍ "አይዞዎት ጋሼ፣ ገና ነው፣ ይደርሳል" አለቻቸው። እሳቸው የመነጽራቸው ነገር መሰላቸው። "አይ ልጄ፣ መስታወቱ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ከውድድሩ በፊት አይደርስም ብሎኛል ዛሬ" አሏት። መነጽራቸውን ያዘዙት መነጽር ሠሪው ዘንድ ነው። ሌላ ማን አለ?

ሰኞ ጠዋት የወረቀት ሣጥኑን ገለበጥኩ። ተጫዋቾቹ እንቅስቃሴያቸውን የጻፉበትን ወረቀት ሲወጡ የሚከቱባት ያቺ የካርቶን ሣጥን ናት፤ በየዙሩ ለይቼ በክር አስራለሁ። አናጢው ስለማያዩ አለመጻፍ ተፈቅዶላቸዋል። መነጽር ሠሪው ግን ይጽፋል፤ የእጅ ጽሑፉ ሲያምር! የቅዳሜው ወረቀቱ ላይ፣ ከሠላሳ አንደኛው እንቅስቃሴ ቀጥሎ፣ "ጥቁር ለቀቀ" ይላል፤ ጥቁር መሸነፉን አመነ ማለት ነው። ጥቁር የያዘው ራሱ ነው። በገዛ እጁ ነው የጻፈው።

ሦስቴ አነበብኩት። የጠርሙሱ ውሃ፣ ጨርቁ፣ የተጣመመችው ገበታ፣ ስድስተኛ ስላቸው የመለሱልኝ ቀልድ፣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣብኝ። ወለሉ ላይ ወረቀቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ያኔ አራተኛው ዙር በውሸት ላይ ተካሂዷል፤ የአምስተኛው ድልድልም ተለጥፏል።

ወዲያው ለሊቀመንበሩ መናገር ነበረብኝ። አልደፈርኩም። መነጽር ሠሪው አላስተዋለ ይሆናል፣ ብነግረው እሱ ራሱ "ስህተት አለ" ብሎ ይናገርልኛል፣ እኔም ሰው ፊት ከመቆም እድናለሁ ብዬ አሰብኩ። ተሸንፎ የወጣ ሰው አሸናፊ ተብሎ ተለጥፎ ሲያይ አላስተዋለም! ይህን ያህል ሞኝ ነኝ። በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄድኩና ውሃው እንዴት እንደፈሰሰ፣ ገበታው እንዴት እንደዞረ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ስለ ወረቀቱ ግን አልነገርኩትም። ለምን እንደተውኩት እስካሁን አላውቅም።

አንዲት መስታወት በጨርቅ እየወለወለ ሰማኝ። "ለሌላ ሰው ተናግረሻል?" አለኝ። አልተናገርኩም አልኩት። "ጎሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እህቴ። ማሽኑ ያለው አለ፤ ማሽን ደግሞ አይዋሽም፣ አንቺው ታውቂያለሽ" አለኝ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ እማዬ ያዘዘችውን መነጽር አወጣ። "የእናትሽ ደርሷል፣ ውሰጂላት። ከኔ ስጦታ ነው በያት።" መሳቢያው ውስጥ ግን ሌላ ፖስታ ነበር፤ የመነጽሩ እግር በወረቀቱ በኩል ጎብጦ ይታያል። ላዩ ላይ በዚያው በሚያምር ጽሑፍ "የአናጢው፣ ዝግጁ፣ ኅዳር 13" ይላል። ኅዳር 13 አርብ ነው፣ ወንድሜ። አርብ ተሠርቶ ያለቀውን፣ እሑድ "መስታወቱ አልመጣም" ብሏቸዋል። ቅዳሜ ማታ የተለጠፈውን ወረቀት እንዳያነቡ።

ማየቴን አየ። መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ዘጋው፤ ፈገግታው ግን ከቦታው አልተነሳም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይህ ነው።

እኔም የእማዬን መነጽር ይዤ ወጣሁ። ልወረውርለት አልቻልኩም፤ ይዤ ወጣሁ። እማዬ አሁን የድሮ ደብዳቤዎችህን በሱ ታነባለች። "ዓይኔ እኮ በራ! እጁ ይባረክ የዚህ ሰው" ትላለች። በመረቀችው ቁጥር ጓዳ እገባለሁ።

ከዚያ ሰኞ አምስተኛው፣ ትናንት ስድስተኛው ዙር አለፈ። ሁለቱንም ቀን አናጢው "ነይ የኔ ዓይን" አሉኝ፣ ሁለቱንም ቀን ገበታና ቀለም ብቻ ነገርኳቸው። ትናንት "ድምፅሽን ምን ነካው? ብርድ ነው?" ብለው ከኪሳቸው ከረሜላ ሰጡኝ። አልበላሁትም። ወረቀቱ ላይ መነጽር ሠሪው አምስት ነጥብ ተኩል፣ ነርሷ አምስት፣ አናጢው አራት ተኩል አላቸው። እውነቱ ቢጻፍ ኖሮ አምስት ተኩል የእሳቸው፣ አራት ተኩል የሱ ነበር፤ ቁጥራቸው ቦታ ይለዋወጥ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ውሸቱ በየዙሩ ሰው ያስቀምጣል፣ ሰውም ባስቀመጠው ወንበር ሳያጉረመርም ይቀመጣል። ከግድግዳው ወረቀት የሚጣላ የለም።

ዛሬ ሰው የለም ብዬ ልጽፍልህ ወደ አዳራሹ መጣሁ። ጠጠሮቹን ለነገ ደርድሬያቸዋለሁ። ባዶ ቤት ውስጥ ሃያ አራት ነገሥታት ቆመው ያዩኛል። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄ ሁለተኛውን እንደጀመርኩ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ጫማው አዲስ ነው፤ ሲረግጥ ይጮኻል። መነጽር ሠሪው ነበር። "ምን ትጽፊያለሽ?" አለኝ። ለወንድሜ አልኩ። "ጎሽ፣ ሰላም በይልኝ" አለና ሁለተኛው ገበታ ፊት ተቀመጠ።

ብዙ አልተናገረም። በሁለት ጣቶቹ የገበታውን ጠርዝ ይዞ ቀስ አድርጎ ሩብ ዙር አዞረው። መለሰው። እንደገና አዞረው። ጠጠሮቹ አልተነቃነቁም። "አየሽ፣ ይዞራል፣ ግን ምንም አይወድቅም" አለኝ። "ሰው ካልጮኸ ምንም አይወድቅም።" ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፤ "ወረቀቱ ግርጌ ላይ የሚወጣው የዳኛ ስም የማን ነው?" ያንተ መሆኑን ያውቃል። ፕሮግራሙ በስምህ ስለተመዘገበ፣ አንተ ከሄድክም በኋላ በየወረቀቱ ግርጌ የምትወጣው አንተ ነህ። "ወንድምሽ እዚያ ለዳኝነት የሚያስፈልገውን ደብዳቤ አማቼ ሊቀመንበሩ ገና አልፈረመውም አሉ። በስሙ የወጣ ውድድር ተጭበረበረ ቢባል እንዴት ይፈርምለታል? እኔ እኮ ለናንተ አዝኜ ነው" አለኝ።

ቀጥሎ ሣጥኑን ጠየቀኝ። የቅዳሜ ጨዋታውን ሊያጠና እንደፈለገ ነገረኝ። መደርደሪያውን አሳየሁት። የሦስተኛውን ዙር ክር ፈታ፣ አንድ በአንድ ገለጠ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አላገኛትም። ያቺ ወረቀት በሰማያዊው ደብተርህ ውስጥ ነበረች፤ ደብተሩ ክርኔ ሥር። መተንፈሴን ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ክሩን መልሶ አሳምሮ አሰረው፤ ሲዞር ያ ፈገግታ ፊቱ ላይ አልነበረም። ያለ ፈገግታ አይቼው አላውቅም ነበር። ሌላ ሰው ነው። "ነገ አትድከሚ" አለኝ። "ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ዘመዴን በስምንት ሰዓት አመጣለሁ፤ የመጨረሻውን ድልድል እሱ ያወጣዋል። ቁልፉን ጠዋት ሱቅ ድረስ አምጪልኝ። አንቺ እናትሽን ተንከባከቢ።" እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ምን ለምጃለሁ? ኮምፒውተር ዘመድ የለውም ይሉ ነበር፤ ነገ ሊኖረው ነው።

ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሯን ከፍቼ ሦስተኛውን ዙር አወጣሁ። አንዲት ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። ያለፈ ውጤት ለመለወጥ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል ከአንተና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ጣቴ ቁልፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ብለውጠው ነገ "ተደብቃ ሰረዘች" ይላል፤ እስካሁን የተለጠፈው የነጥብ ወረቀት እጁ ላይ አለ፣ የሚያምነውም አያጣም። እሱ ብቻ አይደለም፤ በዝምታ ያበላሸሁትን በዝምታ ባስተካክለው፣ አናጢው እንደገና ሳያውቁ የሰው እጅ አዞራቸው ማለት ነው።

የዚያችን ወረቀት ግልባጭ በእጄ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። ዋናዋ ነገ ከእጄ ብትነጠቅ አንተ ዘንድ ትኑር። ከዚህ ስወጣ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ፖስታ ቤት ነው የምሄደው። ፊርማው በኔ ምክንያት ቢቀርብህ ግን ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅህ አላውቅም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነው የዋልኩት። ንጉሥ እንዴት እንደሚራመድ ያሳዩህ አናጢው መሆናቸውን ሳስብ መልስህን የሰማሁት ይመስለኛል። ካልሆነ ተቆጣኝ፤ ቁጣህን ተሸክሜ እኖራለሁ።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ስማ ስማ አትጠግብም፤ ልብሱን ደራርቦ ይልበስ ብላለች። አክስቴ፣ የልጅቷን አገጭ በሌላ ፎቶ ካላረጋገጥኩ አላምንም ብላለች፤ መማሏን ረስታዋለች። ጩጬዋ ጃኬቱ የኔ ሆኖ ቀርቷል፣ እንዳይጠይቅ በይው ብላኛለች። እትዬን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኗን ግንባሯ ላይ ሳምልኝ። አናጢው ያ ተማሪዬ እዚያም ንግሥቱን ቶሎ ያወጣል ወይ ብለው ጠይቀውሃል። መነጽር ሠሪውም ሰላም ብሎሃል፤ መልስ አያስፈልገውም።

ዛሬ ማታ ለእማዬ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ይህ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ይልቅ ይከብደኛል። ነገ ቁልፉን ሱቅ አልወስድም። በሰባት ሰዓት አዳራሹን ራሴ ከፍቼ ኮምፒውተሯ ፊት እቀመጣለሁ፤ ዘመድየው ቢመጣ ከወንበሬ አልነሳም፣ ሰው እስኪሞላም ደልድል የሚለውን አልጫንም። ከግርጌ ያለውን ስምህን አጥፍቼ የኔን እጽፋለሁ። ሁለተኛው ገበታ ላይ ነጭ ካሬውን በቀኝ አድርጌ፣ ሁለቱን ነገሥታት አናጢው ትተዋቸው በሄዱበት በነጮቹ ላይ አቆማቸዋለሁ። የእማዬን መነጽር በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን አናጢው አፍንጫ ላይ አድርጌላቸው፣ የግድግዳውን ወረቀትና "ጥቁር ለቀቀ" የምትለዋን ወረቀት እጃቸው ላይ አኖራለሁ። መነጽሩ ለሳቸው ልክ ካልሆነ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ገበታና ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ።

ታናሽ እህትህ
ከአዳራሹ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ
ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት